በቁሙ የተተካው አባቴ

ወንድሜ ኤርሚያስ ለአባታችን ያላደረገው ነገር የለም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ አገር ነው። ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ሽንኩርቴን ዘርግቼ ስመዝን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆም እያለ "ልጅ ማለት እንደ ኤርሚያስ ነው" ይለኛል። እሺ እላለሁ። አባባን የማበላው፣ ልብሳቸውን የማጥበው፣ ወገባቸውን ሲያማቸው የማሸው እኔ ትርንጎ ነኝ፤ ግን እኔ መኪና የለኝም። መኪና የሌለው ሰው እንደ ልጅ አይቆጠርም መሰለኝ።

ነገሩ የጀመረው ማሽላ ሊደርስ ሲል ነው። አባባ አለባቸው ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ "የጣርማ በር ዋሻ ገና ጠጠሩ ተጠርጎ ሳያልቅ ነው የተወለድኩ" ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ከሳቸው አታገኙም። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቀወት ውስጥ ባለችው ቤታችን ብቻቸውን ነበሩ። ብቻቸውን ስል እንደ ከተማ ሰው ብቸኝነት እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ተነስተው ማሳ ይወርዳሉ፤ ግሪሳ ማሽላውን እንዳይጨርሰው ከእንጨት የቆመው ማማ ላይ ይወጣሉ፤ ወንጭፋቸውን ያጮሃሉ። ከድንበሩ ማዶ ባለው ማማ ላይ ደግሞ ጋሽ ሰዲቅ አሉ፤ የልጅነት ጓደኛቸውና እኩያቸው ናቸው። ሁለቱ ሽማግሎች ቀኑን ሙሉ ከማማ ማማ ሲሰዳደቡ ይውላሉ።

"ወፉን ወደኔ አትንዳው!"

"አንተ ደሞ ምን ማሽላ አለህና ነው የምነዳልህ?"

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግሪሳው የሚሸሸው ከወንጭፉ ይልቅ ስድባቸውን ነበር። ከዚያ መልስ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ድንበር ያካልላሉ፣ በሚካኤል ቀን ጽዋ ማኅበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ወገባቸውን ያማቸው ነበር። ጥርሳቸውም አልቋል። ግን "ዛሬ ምን ልሁን?" ብለው የዋሉበት ቀን አልነበረም።

ኤርሚያስ አዲስ አበባ የሕንፃ መሣሪያ ይነግዳል። የዚያን ጊዜ ጓደኞቹን ይዞ ደሴ ለሰርግ ሲያልፍ "አባቴን ላሳያችሁ" ብሎ ወደ ቀወት ጠመዘዘ። አባታችንንም አሳያቸው። ማማ ላይ፣ ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ የጋሽ ሰዲቅን ሰባት ትውልድ በታላቅ ድምፅ ሲያነሱ ሲጥሉ። ጓደኞቹ ደስ ብሏቸው ፎቶ አነሱ። እሱ ግን ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ እኔ ቤት መጣ።

"እትዬ፣ አባባ እንጨት ላይ ወጥተው ወፍ ያባርራሉ!"

"አውቃለሁ። ካላባረሩት ይበላዋላ።"

"በዚህ ዕድሜያቸው! ሰው ምን ይለናል?"

"ምንም አይልም። ሰውም የየራሱን ወፍ እያባረረ ነው።"

"አንቺ አይገባሽም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እስካሁንም አልገባኝም።

በሳምንቱ የጭነት መኪና መጣ። አልጋ፣ ወፍራም ፍራሽ፣ ሶፋ፣ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን፣ ለሮቢት ሙቀት የሚሆን ትልቅ ማራገቢያ። ሁሉም እኔ ቤት ሊገባ። "አባባ ከእንግዲህ እዚህ ይረፉ፤ ማሳውን የእኩል ሰጥቼዋለሁ፤ በጎቹም ተሸጠዋል" አለ ኤርሚያስ። እኔ እምቢ አልኩ። እምቢታዬን በትህትና ሰምቶ ሲጨርስ አልጋውን አስገባ። አባባን ደግሞ ስጠይቃቸው "እሱ ደስ ካለው ምን ይደረግ፤ ልጄን በሰው ፊት አላሳፍረውም" አሉ። እንዲህ ነው እንግዲህ በኛ ቤት ሁሉም ለሌላው ሲያስብ አባባ ሶፋ ላይ የተቀመጡት።

ከዚያ ወዲያ የመጣውን አክብሮት አትጠይቁኝ። አባባ ውሃ ሊቀዱ ሲነሱ ሰው ሮጦ ይቀዳላቸዋል። ግቢውን ሊጠርጉ መጥረጊያ ሲያነሱ ጎረቤቴ ሐያት ከእጃቸው ትነጥቃለች፤ "በአላህ ይቀመጡ አባባ! ኃጢአቱ ለኛ ነው!" እያለች። ሱቅ ድረስ ሊሄዱ ሲሉ ባጃጅ ይጠራላቸዋል፤ ሱቁ እኮ ከደጄ ይታያል። አንድ ጠዋት ከኔ ጋር ቁጭ ብለው የተበላሸውን ሽንኩርት ከደህናው መለየት ጀመሩ። እንዴት ያለ ጥሩ ቀን ነበር! ሽንኩርት ያመጣልኝን ገበሬ "ይህን ለበሬህ ስጠው፣ ልጄን አታሞኛት" ብለው አዋረዱልኝ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የኤርሚያስ ደንበኛ የሆነ የመኪና ሹፌር አይቶ ነግሮት ኖሯል።

"እትዬ፣ አባቴን ሽንኩርት ታስለቅሚያቸዋለሽ?"

"ራሳቸው ናቸው የሚለቅሙት።"

"ሠራተኛ ቅጠሪ፣ እኔ እከፍላለሁ! የኔ አባት የሽንኩርት ሠራተኛ አይደሉም!"

ሽንኩርቱም ቀረ። አባባ የቀራቸው ቴሌቪዥኑ ነው። ከቱርክ የመጣ ድራማ ነበር፤ ሁለት ቤተሰብ በአንዲት ልጅ የተጣላበት። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸውና ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። "አንተ ሰውዬ ተው፣ ልጅቷ ወዳዋለች፣ በሽማግሌ ጨርሱት" ይሉታል ቴሌቪዥኑን። ሰውየው አይሰማም። በማግስቱም ይነግሩታል፤ አሁንም አይሰማም። አንድ ቀን "ትርንጎ፣ እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ የላቸውም?" ብለው ጠየቁኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ከዚያ ወዲህ ድራማውንም ተዉት።

መብላት ቀነሱ። ቀኑ ማክሰኞ ይሁን ዓርብ ይጠፋባቸው ጀመር። ማማ ላይ ይወጣ የነበረው ሰውዬ ከሶፋው ለመነሳት እጄን ይዞ ማቃሰት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ ተመረመሩ፤ ምንም የለባቸውም ተባልኩ፤ "ዕድሜ ነው" አሉኝ። እንዴት ያለ ዕድሜ ነው፣ ማሽላ እስኪደርስ ጠብቆ አሁን አንድ ጊዜ የመጣ? ኤርሚያስም ሲሰማ አልሰነፈም። ቫይታሚን ላከ። ደግሞ ለትልቅ ሰው የሚሆን ዳይፐር በካርቶን ላከ። አባባ በእግራቸው ሽንት ቤት የሚሄዱ ሰው ናቸው። ካርቶኑን ከፍተው ምን እንደሆነ ሲገባቸው ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም፤ እኔ የላክሁት ይመስል።

ታናሻችን ሔለን ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። እሷ ስትደውል ኤርሚያስንም ታስገባውና በአንድ ስልክ ሦስታችን እንጨቃጨቃለን። የዚያን ዕለት የአባባን ነገር ስነግራት እንዲህ አለች።

"ኤርሚያስ፣ አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት አለች፣ ሎርና የምትባል። አባትሽ ምን ይሠራሉ አለችኝ። ምንም፣ ያርፋሉ አልኳት። ታመዋል? አለችኝ። አልታመሙም አልኳት። ታዲያ ምን አጥፍተው ነው? አትለኝም!"

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ኤርሚያስ አልሳቀም።

"የሷ አባት ምን ይሠራል ታዲያ?" አልኳት።

"ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ሁሉ ሰው አገር ናቸው፤ ሎርና እዚህ፣ ወንድሟ መርከብ ላይ። እነሱም መጀመሪያ እንደኛው አደረጉት። ሸክላ ወለል ያለው ቤት፣ ቴሌቪዥን፣ አርፈህ ተቀመጥ። ሰውየው ሊሞት ደረሰ። ኋላ የመንደራቸው አዛውንቶች ማኅበር መጥቶ አወጣው። አሁን ለቅሶ ሲኖር ወንበር የሚያስደረድር እሱ ነው። የልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። አውራ ዶሮ ያዋጋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሎቹ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ይጨፍራሉ፤ ቪዲዮውን አሳይታኛለች፣ ጉልበቱን ያመዋል ግን ፊት ነው የሚቆመው።"

"አውራ ዶሮ?" አለ ኤርሚያስ። "አባባ ካናቴራ ለብሰው ይጨፍሩ ነው የምትይኝ? እነሱ ባህል የላቸውም፣ ሔለን። እኛ አባት እናከብራለን።"

"ኧረ እነሱም ያከብራሉ። ሽማግሌ ሲያገኙ እጁን ይዘው ግንባራቸውን ያስነኩታል፤ እንደ መስቀል መሳለም ያለ ነው። ከዚያ ግን እጁን ይለቁለታል።"

"ፊሊፒንስና ይፋት አንድ ነው እንዴ!" ብሎ ስልኩን ዘጋው። አንድ አለመሆኑን እኔም አየሁ። እዚያ ሰውየውን የሚያወጣው ማኅበር አለ። እዚህ ደግሞ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ማኅበሩም ሳይቀር ከእጃቸው ወጥቶ ኖሯል።

ይህን ወሬ ያመጡልን ጋሽ ሰዲቅ ናቸው። አንድ የገበያ ቀን በአህያቸው መጡና ደጄ ላይ ቆሙ።

"አሰላሙ አለይኩም። ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።"

"የማን ለቅሶ?" አልኩ ደንግጬ።

"የአለባቸው ነዋ። ከማማው ከወረደ ድምፁን የሰማ የለም። በሕይወት ቢኖር እስካሁን አንዴ እንኳ ሰድቦኝ ነበር።"

አባባ ከሶፋው ቀና አሉ። ቀና ካሉ ሰንብተው ነበር። "አንተ ሰዲቅ፣ አንተን ልጆችህ ገና አላስቀመጡህም?"

"አልሐምዱሊላህ! ልጆቼ ድሆች ናቸው፤ እኔን የሚያስቀምጡበት አቅም የላቸውም።"

ተሳሳቁ። ሐያት ውሃ አመጣችላቸው። ጋሽ ሰዲቅ ሶፋውን በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው፣ ማራገቢያውን አይተው፣ ቴሌቪዥኑን ዞረው ከጀርባው ሳይቀር መረመሩት።

"ወላሂ ሁሉ ነገር ተሟልቶልሃል" አሉ። "ጽዋህንም ለልጅህ ማውረስህን ሰማሁ። ደግ አደረግህ፣ ሸክም ቀለለልህ።"

"ምኔን አወረስኩ?"

"ጽዋህን ነዋ። የማኅበራችሁ መሪ ይልማ ነው የነገረኝ። 'አለባቸው ወጥቷል፣ ኤርሚያስ ተተክቷል' አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ የናንተ ደንብ ነው ብዬ..." የአባባን ፊት ሲያዩ ንግግራቸውን አቆሙ። "ያ አላህ። አልነገሩህም እንዴ?"

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ልንገር። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር በየወሩ ካንዱ ቤት ወዳንዱ ይዞራል። ተረኛው ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ማኅበርተኛውን ያስተናግዳል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ሲያበቃ ጽዋውን የሚቀጥለው ተረኛ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይወስዳል። አባባ እዚያ ማኅበር የገቡት ገና ሳያገቡ ነው። አባት ሲሞት ልጅ ይተካል፤ ተዝካሩ ከወጣ በኋላ። ኤርሚያስ ተዝካሩን ዘለለው። ለማኅበሩ አዲስ ድንኳን ገዝቶ ሄዶ "አባቴ ደክመዋል፣ እኔ ልተካ" አላቸው። እነሱም አባባ በሞት አፋፍ ላይ ናቸው ብለው እያዘኑ ድንኳኑን ተቀበሉ።

ጋሽ ሰዲቅ ሲሄዱ አባባ ቴሌቪዥኑን በራሳቸው እጅ አጠፉት።

"ትርንጎ፣ ሞቻለሁ እንዴ?"

"ኧረ አባባ!"

"እንግዲያው ማን ቦታዬ ላይ አስቀመጠው? ስሜ ሲጠራ 'አለሁ' የምልበት አንድ ቦታ እሱ ነበር የቀረኝ።"

ለኤርሚያስ ደወልኩ። "ከተራው፣ ከድግሱ፣ ከመዋጮው ላሳርፋቸው ብዬ ነው" አለኝ። ሌላ የሚያሳርፋቸው ነገር ካለ ቶሎ እንዲነግረኝ ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁበት። መተንፈስ የቀራቸው መሰለኝ።

የግንቦት ሚካኤል ዕለት አባባ ሳልቀሰቅሳቸው ተነስተው ታጥበው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። ኤርሚያስ ከቤት እንዳላስወጣቸው አደራ ብሎኝ ነበር። አደራውን ቤት ትቼው ባጃጅ ጠራሁ። ያንን ሁሉ ጉድጓድ "ቀስ በል" እያልኩ ቀወት ደረስን።

የዚያን ወር ተረኛ ቤት ስንገባ ማኅበርተኛው ሁሉ ብድግ አለ። "እንዴ! ጋሽ አለባቸው! እግዚአብሔር ይመስገን!" ጉልበት ይሳማል፣ ትከሻ ይሳማል። ከቄሱ አጠገብ፣ ከሁሉ በላይ፣ አጎዛ ተነጥፎ ተቀመጡ። ጠላ ቀድሞ ለሳቸው። ዳቦ ቀድሞ ለሳቸው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ በር ላይ ቆሜ አየሁ። በራሳቸው ማኅበር እንግዳ ሆነው ነበር።

ስም መጥራት ተጀመረ። የሚጠራው የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንለው፣ ጋሽ ይልማ ነው፤ ደንብ ከሚጣስ ሰማይ ቢደረመስ የሚመርጥ ሰው። አንድ በአንድ ጠራ። አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ጠበቁ። የሳቸው ተራ ላይ ሲደርስ "ኤርሚያስ አለባቸው" አለ ጋሽ ይልማ።

ሰው ሁሉ ወደ አባባ ዞረ።

"ኤርሚያስ አለባቸው የለም" አለ ራሱ። "የሚቀጥለው ጽዋ ተረኛም እሱ ነው። ከተተካ ወዲህ በስልክ ይቅርታ ከመላክ በቀር አንድ ቀን ብቅ አላለም። ጽዋውን ማን ሊወስድ ነው?"

"እኔ እወስዳለሁ" አሉ አባባ።

"አንቱማ አይችሉም፣ ጋሽ አለባቸው።"

"ለምን? ክንዴ ተቆርጧል?"

"ተተክተዋል። የተተካ ሰው ጽዋ አይወስድም።"

"የተተካ ሰው እኮ የሞተ ሰው ነው!"

"ደንቡ የሞተ ነው ያልሞተ ነው አይልም፤ የተተካ ነው የሚለው። በቁሙ የተተካ ሰው ከዚህ በፊት አልገጠመንም፤ ለሱ የሚሆን ደንብ የለንም።" ድምፁ ሐዘን ነበረበት፤ ግን ለደንቡ ይሁን ለአባባ አላወቅሁም።

ሰው ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ "እንደ አባት ቁጭ ብለው ይባርኩን፣ ምን አደከማቸው" ይላል። ሌላው "አዎ፣ ተራውም ድግሱም ይቅርላቸው፣ ክብራቸው እንዳለ ነው" ይላል። ኤርሚያስ አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እዚህም ሞልቶ ተቀምጧል። አባባን አየኋቸው። ትከሻቸው እንደ ሶፋው ጊዜ ወረደ። ያን ቀን ካልተመለሱ ከእንግዲህ እንደማይመለሱ ገባኝ። ሴት ማኅበር መሃል ድምፅ ባታሰማ ይመረጣል፤ እኔ ግን ሽንኩርት ስሸጥ የለመድኩት ጉሮሮ አለኝ።

"ጋሽ ይልማ፣ ተተኪ የሚወጣው በምንድን ነው?"

"በሞት። ወይም ጽዋ ካቃለለ።"

"ጽዋ ማቃለል ምን ማለት ነው?"

"ተራው ደርሶ ጽዋውን በክብር አልቀበልም ያለ፣ ያቃለለ ይባላል። ያን ጊዜ ይነሳል።"

"እንግዲያው ይደውሉለትና ይጠይቁት። ማኅበሩም ይስማ።"

እውነቱን ልናገር፣ ወንድሜን አላጠመድኩትም። ሁለት መልስ ነበረው፤ የትኛውን እንደሚመርጥ ስለማውቅ እኔ ጥፋት የለብኝም። ጋሽ ይልማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ደወለ። ከወዲያ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

"ጋሼ ይልማ! ሰላም ነው? አባባ ደህና ናቸው፣ እቤት እያረፉ ነው" አለ ኤርሚያስ። አባባ አጎዛው ላይ ሆነው ሰሙት።

"የጽዋው ተራ ያንተ ነው፣ ልጄ። ዛሬ መረከብ ነበረብህ።"

"ችግር የለም ጋሼ! ለሚመጣው ወር ሮቢት ሆቴል እይዝላችኋለሁ። ቡፌ። ሁላችሁንም በመኪና አስመጣችኋለሁ፣ እናንተ አትድከሙ።"

"ቡፌው ይቆይ። ጽዋውስ? ማን ተረክቦ ያሳድረዋል?"

"እሱን ዕቃ ለባጃጅ ስጡት ጋሼ፤ እትዬ ትርንጎ ትቀበለዋለች። የባጃጁን እኔ እከፍላለሁ። አሁን ትራፊክ ይዞኛል፣ በቃ ቻው።"

ቄሱ አማተቡ። ጋሽ ይልማ ስልኩን እንደ ጋለ ብረት መሬት አስቀመጠው። "ዕቃ" አለ ቀስ ብሎ። "ለባጃጅ።"

ብዙም አልተከራከሩም። ጽዋ ተሸክሞ በእግሩ ተራራ ያቋረጠ ሰው ነበር እዚያ ቤት፤ ወንዝ ሞልቶ በራሱ ላይ አድርጎ ያሻገረም ነበር። ኤርሚያስ በድንኳኑ ተመስግኖ በጽዋው ተነሳ።

"እንግዲህ ቦታው ክፍት ነው" አሉ አባባ።

"ክፍት ነው" አለ ጋሽ ይልማ። "ነገር ግን... አንቱ አሁን የሚገቡት እንደ አዲስ ነው። አዲስ የገባ ደግሞ..." አንገቱን ደፋ። "አዲስ የገባ ከበሩ ሥር ይቀመጣል። ከሱ በኋላ ሌላ አዲስ እስኪመጣ ድረስ ለማኅበርተኛው ጠላ የሚያሳልፈው እሱ ነው።"

ቤቱ ተንጫጫ። "ነውር ነው!" "እኛ ተቀምጠን ጋሽ አለባቸው ቆመው ሊያሳልፉ!" "ምድር አትቀበለንም!" ከሁሉም የሚያንሰው፣ ጢሙ ገና የሚበቅለው አባል ተነስቶ ማንቆርቆሪያውን አቀፈው። "ከኔ አይወስዱም፣ እኔው ልቀጥል" አለ። ጋሽ ይልማ ሳይቀር ለመጀመሪያ ጊዜ ደንብ ሊያጣምም አሰበ። "የማያሳልፉ አዲስ አባል ብለን ብናስገባዎትስ? ካጎዛው ሳይነሱ?"

አባባ ተነሱ። ማንም አልደገፋቸውም፤ ለመደገፍ የተነሳውን በዓይናቸው አስቀመጡት።

"ስሙኝ" አሉ። "ሶፋ አለኝ። ካጎዛ ይልቅ ይመቻል። ለመቀመጥ ከሆነ እዚያው እቀመጥ ነበር። ወይ አሳልፋለሁ፣ ወይ አልገባም። ይልማ፣ አንተ ደንብ አዋቂ ነህ፤ ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው ታውቃለህ?"

"አባቶቻችን ናቸው።"

"አባቶቻችን አይደሉም፤ እኔ ነኝ። አንተ ስትገባ ሰነፍ ነበርክ፤ አንተን ላሠራህ ብዬ ነው ያወጣሁት።"

ቄሱ ሳቁ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ጋሽ ይልማ ግን ደንቡ ጥሩ ደንብ መሆኑን ብቻ አስረዳ። ቄሱ "እሳቸው ከፈቀዱ እኛ ማነን" ብለው ማንቆርቆሪያውን ከልጁ ተቀብለው ለአባባ ሰጡ።

ጋቢያቸውን በትከሻቸው አጣፍተው ከበሩ ሥር ጀመሩ። ግማሹ ጠላ ዋንጫ ውስጥ፣ ግማሹ ጭን ላይ። አንድም ሰው ልብሱን አልጠረገም። ጋሽ ይልማ ጋ ሲደርሱ ነጭ ሱሪው ላይ እንደ ጅረት ወረደ።

"ጋሽ አለባቸው፣ ለኔ ይበቃል፣ አይድከሙ..."

"ዝም ብለህ ጠጣ። ደንብ ነው።"

እኔ ጓዳ በር ላይ ሆኜ የቀወቱን ቤት አሰብኩ። የኤርሚያስን ተራ አባባ ወስደዋል፤ ጽዋው የሚያድርበት ቤታቸው ደግሞ ተዘግቶ ከርሟል፤ ሄጄ ልጠርገው ነው፣ ጌሾ ልገዛ ነው፣ ድግሱም እኔው ላይ ሊወድቅ ነው። ማን ላይ ይወድቃል ሌላ? ስልኬ ጮኸ። ኤርሚያስ ነው። ትራፊኩ ለቆት ይሁን አንዱ ወሬኛ ቪዲዮ ልኮለት፣ ይጮሃል።

"እትዬ! አባቴን አሳላፊ አደረጋችኋቸው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? አሁኑኑ አቅርቢልኝ!"

ስልኩን በሰዎቹ መሃል ይዤ ሄድኩ። "አባባ፣ ኤርሚያስ ነው።"

ቀና ብለው ስልኩን አዩት። ከጥጉ አንድ ባዶ ዋንጫ ብቅ አለ፤ አንዱ ጎልማሳ "እዚህም ደረቀብን፣ አዲሱ!" ብሎ ጮኸ፤ ጎረቤቶቹ ደንግጠው በክርናቸው ጎሰሙት። አባባ ግን ፊታቸው በራ።

"በኋላ ይደውል በይው" አሉኝ። "አሁን ሥራ ይዣለሁ።" ወደ ጥጉም ዞሩ። "አንተ! ተራህን ጠብቅ፤ አባትህም እንዲሁ ችኩል ነበር!"